የሁለት ቤት ጥገኛ

«እማማ፣ እርስዎ እኮ መድን አለዎት፤ ያውም ሁለት» አለች መስኮት አራት ላይ የተቀመጠችው ልጅ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ። ከዚያ የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረገችና «ስለዚህ አንዱም አይሠራልዎትም» ብላ ጨመረች። ድምፅዋ ዳቦ አልቋል የሚል ባለሱቅ ድምፅ ነበር።

እትዬ መጋረጃ ለሌላ ሰው የተነገረ መስሏቸው ዞር አሉ። ከኋላቸው ምርኩዙን ተደግፎ የቆመው ሽማግሌ «ለእርስዎ ነው» በሚል ዓይነት በአገጩ ወደ መስኮቱ መለሳቸው። እትዬ መጋረጃ የሰፈር ስማቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጋረጃ ሲሰፉ ስለኖሩና በዚያ ሰፈር የእሳቸው ስፌት ያልተሰቀለበት መስኮት ቢፈለግ ስለማይገኝ፣ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቁት መታወቂያቸውና የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ናቸው። ዛሬ ቢሮው ሳይከፈት መጥተው የተሰለፉት ለአንድ ጉዳይ ነበር። የዓይን ሐኪሙ የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጨርሶ እንደሸፈነው፣ የግራውም ተከትሎት እየሄደ እንደሆነ ነግሯቸው፣ ሐሙስ ለሚደረገው ቀዶ ጥገና ስማቸውን አስገብቶላቸዋል። «መድን ካለዎት ምንም አይከፍሉም፤ ከሌለዎት ግን ይሄን ያህል ነው» ብሎ ዋጋውን ሲነግራቸው፣ እሳቸው ማንኛውንም ዋጋ ወደ መጋረጃ መንዝረው ነውና የሚያስቡት፣ የአንድ ትልቅ ሆቴል መስኮት ሁሉ ፊታቸው ላይ ድቅን አለ። የሐሙሱ ዝርዝር የሚዘጋው ዛሬ ሥራ ሲያበቃ ነው። ዛሬ ካለፈ ተራው ወደ መቼ እንደሚገፋ ሐኪሙም አያውቅም።

ስለ መንግሥት የጤና መድን ሰፈር ውስጥ ያልጠየቁት ሰው አልነበረም፤ ያገኙት መልስ ግን እንደ ሰዉ መልክ የተለያየ ነው። አንዱ «ለአዛውንት ለብቻው የተዘጋጀ አለ» ይላል። ሌላው «ሞኝ አይሁኑ፣ በልጅ ሥር መግባት ነው የሚሻለው» ይላል። ፋርማሲ ውስጥ ያገኟት ሴት ደግሞ «ፀጉር ከሸበተ ወዲያ ሁሉም ነገር ነጻ ነው» ብላ ምላላቸዋለች። ከቤታቸው ፊት ለፊት ዳቦ የምትሸጠው ጎረቤታቸው ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ «ሁሉም ውሸታቸውን ነው፤ ዝም ብለው ሄደው መስኮቱን ይጠይቁ» አለቻቸው። ጠየቁ። መስኮቱም ይኸው መለሰላቸው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ልመዘገብ የመጣሁት ገና ዛሬ ነው» አሉ ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው።

ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። በቀን ውስጥ ስንቱን ስታስረዳ የምትውል፣ ጉሮሮዋ የደረቀ ልጅ ናት። ኮምፒውተሯን ወደ እሳቸው አዙራ «ይኸው ይዩት» አለቻቸው። እትዬ መጋረጃ ያዩት ግን ነጭ ብዥታ ብቻ ነው፤ የታጠበ ዘርዛራ መጋረጃ ፊታቸው ላይ የተሰጣ ይመስል ነበር። አለማየታቸው ስለገባት ጮክ ብላ ታነብላቸው ጀመር፤ ሰልፈኛውም ሥራ ፈት ነውና ጆሮውን አቁሞ አብሮ ሰማ። አንድ አዛውንት ሦስት በር አለው አለች። ደሞዝተኛ ልጅ ካለው በልጁ መሥሪያ ቤት በኩል ጥገኛ ተብሎ ይገባል። በአካባቢው የቤተሰብ መድን ያለው ልጅ ካለው ከዚያ ቤተሰብ ጋር ይቆጠራል። ሁለቱንም ያልፈለገ በራሱ ስም የአዛውንት መድን ያወጣል፤ ከመዋጮው ግማሹን መንግሥት ይከፍልለታል። ነገር ግን መግባት የሚቻለው በአንዱ በር ብቻ ነው። «እርስዎ በሁለት በር ነው የገቡት። ማሽኑ ደግሞ አሁን ስምዎን ሳስገባ፣ አንድ ሰው ሁለት ቤት አይኖርም ብሎ ሁለቱንም ቆለፈው።» ከዚያ ዝርዝሩን አነበበችላቸው። በወንድ ልጃቸው በኩል፣ ጥገኛ፣ ከልጃቸው ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ የራሳቸው ገቢ የሌላቸው። በሴት ልጃቸውም በኩል ያው ነው፣ ቃል አልተጨመረበትም፣ ቃል አልተቀነሰበትም። የወንድ ልጃቸው ምዝገባ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ የሴት ልጃቸውም ብዙ አልዘገየ፣ ተከታትለው የተደረጉ ናቸው።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ተረቱ። የእትዬ መጋረጃ ሁለት ባላዎች ግን እርስ በርሳቸው ተነቃቅለው ባለቤቲቱን መሬት ላይ ጥለዋት ነበር። ሴትዮዋን ያሳረራቸው እሱ ብቻ አይደለም። ይሄን ሁሉ ጊዜ የዓይን ጠብታ ሲገዙ የኖሩት ከኪሳቸው ነው። ለአንዲት አውራ ጣት ለማታህል ጠርሙስ የአንድ መኝታ ቤት መጋረጃ የእጅ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ጠብታዋ ልታልቅ ስትል፣ ሐኪሙ ቀንና ማታ ያለውን ማታ ብቻ ያደርጉታል። የሁለት ሰው መድን ያለው ሰው ጠብታ ሲቆጥብ ኖረ ማለት ነው! ደግሞስ ገቢ የሌላቸው ማን ናቸው? ባላቸው ታመው በተኙ ጊዜ ቤቱን የያዘው ያ የስፌት መኪና አይደለም እንዴ? የነዚያን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጫማቸውን፣ ደብተራቸውን የቻለው ማን ሆነና ነው ዛሬ በሦስት ቃል ምንም የሌላት ተብላ የተመዘገበችው? ይሄን ሁሉ አሰቡ እንጂ አልተናገሩም። «እና ምን ይሻላል?» ብቻ አሉ።

«ሁለቱም ልጆችዎ በአካል ይምጡ። አንዱ ይተው፣ አንዱ ይያዝዎት፤ እዚሁ እከፍተዋለሁ። ሐሙስ ይደርሳሉ።»

«ሁለቱንም ትቼ በራሴ ልግባ ብልስ?»

«ይችላሉ፣ መብትዎ ነው። ግን እንደ አዲስ ስለሚቆጠር ሦስት ወር መቆያ አለው። ሐሙስ ያልፍዎታል እማማ፤ ምን በወጣዎት።»

ምን በወጣዎት የሚለው ቃል እትዬ መጋረጃን አብሯቸው እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደ። የአውቶቡስ ቁጥር ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ሰው ጠይቀው ነው የሚሳፈሩት፣ ሰው ጠይቀው ነው የሚወርዱት። ትልቁ ልጃቸው የውሃ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነው። ሹመቱ ሳይመጣ፣ ገና በቁምጣ እያለ፣ ቤት ውስጥ «አለቃ» ነበር የሚባለው፤ እህቱን ውሃ አምጪልኝ እያለ ተቀምጦ ስለሚያዝ። ዘበኛው ቦርሳቸውን በርብሮ መቀስ አገኘና «ይሄ ምንድነው?» ሲላቸው «እንጀራዬ ነው» ብለው ቀሙት። ደረጃውን ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። የአለቃ ክፍል ሰፊ ነው፤ ወንበሩ ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ እስካሁን አልለቀቀም፣ ጠረጴዛው ላይ ከታሸገ ውሃና ከስልክ በቀር ምንም የለም። እናቱን ሲያይ ብድግ አለና መጀመሪያ በሩን ዘጋው፣ ቀጥሎ ነው የሳማቸው።

«ምነው እማዬ፣ ሳትደውዪ?»

ነገሩት። ልጃቸው ነውና ፊቱን ለማየት ዓይን አያስፈልጋቸውም፤ ሲዋሽ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ያውቃሉ። ዛሬ ጉሮሮውን አልጠረገም። ካደረገውም ነገር ያሳፈረው ያለ አልመሰለም፤ ይልቅ የእህቱን ስም ሲሰማ ነው ከወንበሩ የተነሳው። «እሷም አስመዝግባሻለች? አየሽ እንግዲህ! አብረሽ ሳትኖሪ አብራኝ ትኖራለች ብላ ማስመዝገብ እኮ ማጭበርበር ነው፤ በሕግ ያስጠይቃል!» አለ። ይሄን ሲል እሱም ያንኑ ማድረጉ ትዝ ያለው ቆይቶ ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገና ነገሩ ለመኖሪያ ቤቱ እንደሆነ ያስረዳቸው ገባ። መሥሪያ ቤቱ ባለ ሦስት መኝታ ቤት የሚሰጠው ጥገኛ ወላጅ አብሮት ለሚኖር ሠራተኛ ነው። መድኑ እግረ መንገዱን አብሮ የመጣ ነው። ካርዱም አለ ብሎ መሳቢያውን ሳበና አወጣው፤ ፎቶዋቸው ከአንድ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ ተቆርጦ የተለጠፈበት፣ የማንም እጅ ያላረፈበት አዲስ ካርድ ነው። እትዬ መጋረጃ ካርዱን በጣታቸው ዳሰሱት። ጫፉ ስለታም ነበር።

«ሦስተኛዋ መኝታ ቤት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያቺ የእንግዳ ክፍል ያልከኝ ናት?»

የዚያችን ክፍል መጋረጃ የሰፉት እሳቸው ናቸው። እንግዳ አይቶ እንዲያደንቅላቸው ብለው ባለ ገበር፣ ባለ ሦስት ሽንሽን፣ ከሁሉም መስኮት ያማረውን ሠርተው፣ የእጅ ዋጋ አልቀበልም ብለው፣ ሲሰቅሉም መሰላል ላይ ወጥተው ነበር። በዚያች ክፍል አንድም ቀን አድረው አያውቁም። አንዴ መሽቶባቸው ልደር ቢሉ «የልጆቹ ብስክሌት ሞልቶበታል፣ አይመችሽም» ብሎ በመኪና ቤታቸው አድርሷቸዋል። ያኔ እንዲያውም እናቱን በጨለማ አልሰድም ያለ ልጅ ብለው መርቀውት ነበር። ለካ ከገዛ ክፍላቸው ነው ያባረራቸው!

«የእኔ ክፍል ናታ!»

«በወረቀት ደረጃ» አለ አለቃ። ቀጥሎም «ዓይኔን ግንባር ያድርገው እማዬ፣ ልነግርሽ ነበር» አለ።

«አንተ ዓይንህን ተወው» አሉት እናቱ። «ይልቅ ከሰዓት በኋላ መስኮት አራት ጋ ድረስ።»

ሴት ልጃቸው መምህርት ናት። የሄዱት የፈተና ሰሞን ስለነበር የመምህራኑ ክፍል ወረቀት በወረቀት ሆኖ፣ ከመስኮቱ ሥር ከጠመኔ አቧራ ጋር የቀዘቀዘ ሻይ ይሸታል። መምህርቷ ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች እናቷን ተቀብላ ጥግ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሲነግሯት ወዲያው አለቀሰች፤ እንባ የሚቀርባት ልጅ ናት። ግን ከእንባዋ ቀድሞ ከአፏ የወጣው «እሱም አስመዝግቦሻል እንዴ?» የሚለው ነበር። «አየሽ ሌብነቱን! እኔ እንኳ የማደርገው ለልጆቼ ብዬ ነው።» የእሷ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው፦ መድናቸው በባሏ ስም የወጣ የአካባቢ የቤተሰብ መድን ነው፤ አዛውንት የሚጦር ቤተሰብ ደግሞ መዋጮው በግማሽ ይቀነስለታል። ባሏ ነው ያሰበው አለች፤ ከዚያ ባሌ አላሰበውም፣ አብረን ነው ያሰብነው አለች፤ ከዚያ እንደገና አለቀሰች።

«ታዲያ ካርዱን ብትሰጪኝ ምን ነበረበት?» አሉ እትዬ መጋረጃ። «ጠብታውን በነጻ እወስድ አልነበር?»

«እማ፣ አንቺ እኮ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲሉሽ አትወጂም።»

«መቼ እንሂድ አልሽኝ?»

መምህርቷ እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ከጎኗ ወረቀት የሚያርመው ሰውዬ የማይሰማ ለመምሰል ጎንበስ አለ። እትዬ መጋረጃም መልስ አልጠበቁም። «ከሰዓት በኋላ መስኮት አራት» ብለው ተነሱ።

ወንድምና እህት አባታቸው ከሞቱ ወዲህ አይነጋገሩም። የተጣሉት በውርስ ቢሆን ኖሮ ሰው ይሸመግላቸው ነበር፤ እነሱ የተጣሉት አባታችንን ያስታመምኩት እኔ ነኝ በሚል ነው። እሱ ሐኪም ያመጣሁት እኔ ነኝ ይላል፣ እሷ ሌሊት ሌሊት አብሬው ያደርኩት እኔ ነኝ ትላለች። አንሶላውን የቀየሩት፣ ያጠቡት፣ ያገላበጡት፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን የከደኑት እትዬ መጋረጃ ናቸው፤ እሳቸውን ግን በዚያ ክርክር ውስጥ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ዛሬ እዚያ ኮሪደር ውስጥ፣ ከወለሉ ጋር በብረት የተሰፉ ወንበሮች ላይ፣ ሁለቱ እናታቸውን መሀል አድርገው ተቀመጡ። አለቃ ስልኩን ያያል። መምህርቷ ጥፍሯን ታያለች። እትዬ መጋረጃ እጃቸውን ዘርግተው ከጎናቸው የተንጠለጠለውን የቢሮውን መጋረጃ ዳበሱ። ገበሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ ነው የተሰቀለው፤ ቅምቅማቱም ተተርትሯል። ማን ይሆን የሰቀለው ብለው ተናደዱ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር።

ተራቸው ሲደርስ ሁለቱ ልጆች ከእናታቸው ቀድመው መስኮቱ ላይ ደረሱ። ዝርዝሩ ሊዘጋ ብዙ አልቀረውም። ልጅቷ መታወቂያቸውን ተቀብላ «እንግዲህ ማን ይተው?» ስትል፣ ለዓመታት ያልተነጋገሩ አንደበቶች እንደ ግድብ ተከፈቱ። እናቴ የምትኖረው እኔ ጋ ነው፣ ክፍል አላት፣ መጋረጃው ሳይቀር የራሷ ነው አለ አለቃ። ውሸቱን ነው፣ እናቴ የእኔን ልጆች ያሳደገች ናት፣ ልብሷ እኔ ቤት ነው አለች መምህርቷ። ልብስ ያለችው አንድ የተረሳች ሹራብ ናት። እሱ «ወንድ ልጅ እያለ» ሲል እሷ «ሴት ልጅ እያለች» ትላለች። ሰልፈኛው ከወዲያም ከወዲህም ከንፈሩን መጠጠ፤ ጠዋት የነበረው ሽማግሌ አሁንም እዚያው ነበርና «ታድለው! እንዲህ የሚሻሙብዎት ልጆች አሉዎት» አላቸው። እትዬ መጋረጃ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። እውነቱን ለመናገር፣ እያረሩም ቢሆን ልባቸው በአንድ በኩል ለሰለሰ። ለክፍልም ይሁን ለቅናሽ፣ እናቴ የእኔ ናት ሲባል መስማት ለእናት ጆሮ ደግ ነገር ነው። እንዲያውም አንዱን መርጠው፣ ይሁን ብለው፣ ውሸቱን ውጠው ሐሙስ ሊታከሙ ወስነው ነበር። ለማን ብለው ነው ዓይናቸውን የሚያጡት?

ልጅቷ በጣቷ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። «እሺ፣ አንድ ነገር ይስሙኝ። መዝገቡ ላይ የሚቀረው ልጅ አስታማሚ ሆኖም ይፈርማል። ሐሙስ ጠዋት ይዟቸው ይመጣል። ዓይናቸው ታሽጎ ስለሚወጣ ብቻቸውን መሆን አይችሉም፤ ሁለት ሳምንት እቤቱ ያኖራቸዋል፣ ጠብታውን በሰዓቱ ያደርግላቸዋል፣ ለምርመራ ይመልሳቸዋል። አብረው የሚኖሩ ስለሆነ አይከብድም መቼም። ማን ይፈርም?»

ከላይ የሚዞረው ማራገቢያ ድምፅ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ያልነበረ ይመስል፣ አሁን ተሰማ። አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ። ሐሙስ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጡ ሰዎች አሉብኝ አለ፤ ክፍሏም ያው በብስክሌቱ ምክንያት ትንሽ፤ ባለቤቱም ሰሞኑን ደህና አይደለችም። መምህርቷ ፈተናው ባይሆን ኖሮ አለች። ባሌም ሥራ የሚገባው በፈረቃ ነው፣ ልጆቹም አራቱ በአንድ ክፍል ናቸው፣ እማስ የት ትተኛለች አለች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓመታት በኋላ፣ እህት ወንድሟን ቀና ብላ አየችውና፣ ጥል በሌለበት፣ እንዲያውም በትሕትና፣ «አንተ ብትይዛት አይሻልም? ክፍሉ ያለህ አንተ ነህ» አለችው። እሱም በዚያው ትሕትና «ሴት ልጅ ይሻላታል፣ መታጠቡም፣ ምኑም» አላት።

እንዲህ ታረቁ።

እትዬ መጋረጃ ጭንቅላታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ጥርት አለ። ሁለቱን ልጆች በክንዳቸው ወዲያና ወዲህ ገፋ አድርገው መስኮቱ ላይ ቆሙ። በጉልበት የሚገፋ ሰው አልነበሩም፤ ልጆቹ ደንግጠው ነው የለቀቁላቸው።

«የኔ ልጅ፣ ጻፊ» አሉ። «የምኖረው በገዛ ቤቴ ነው። ብቻዬን። ገቢ አለኝ፣ መጋረጃ እሰፋለሁ፤ ይሄ ከኋላዬ የተንጠለጠለው መጋረጃችሁም ተገልብጦ ነው የተሰቀለው። ሁለቱንም ሰርዢልኝና በራሴ ስም አድርጊው።»

«እማዬ!» አለ አለቃ። ድምፁ ተሰበረ። «ሐሙስ እኮ ያልፍሻል! ዓይንሽ!»

«ቅናሹን ወደ ኋላ ቆጥረው ያስከፍሉናል እማ» አለች መምህርቷ። ይሄን ካለች በኋላ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

ልጅቷ ከመስታወቱ ጀርባ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ሦስት ወር መሆኑ ገብቶዎታል አይደል እማማ አለች፣ በዚህ ጊዜ በጣም ዝግ ብላ። ገብቷቸዋል። ሦስት ወር ማለት ምን እንደሆነ ከእሷ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ቤታቸው ተቆርጦ የተቀመጠው የአንድ እንግዳ ማረፊያ የመጋረጃ ጨርቅ ሳይሰፋ ለባለቤቱ ይመለሳል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አሁንም በመዳበስ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመዳበስም አይሆንም ይሆናል። የግራው ዓይን ይጠብቅ አይጠብቅ የሚያውቅ የለም። ይሄን ሁሉ አውቀው «ገብቶኛል፣ ጻፊ» አሉ። ልጅቷ ጻፈች። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የቤት ባለቤት። መጨረሻ ላይ ማሽኑ የሚጠይቀውን መጠየቅ ግዴታዋ ነውና «በእርስዎ ሥር የሚመዘገብ፣ እርስዎ የሚያስተዳድሩት ሰው አለ?» አለቻቸው።

ከግራም ከቀኝም የልጆቻቸው ትንፋሽ ይሰማቸዋል።

«ሁለት ነበሩኝ» አሉ። «አድገዋል ብዬ ነበር።»

ከቢሮው ሲወጡ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ግንቡ ላይ አርፋ ነበር። አለቃ ሮጦ ደረሰባቸውና መኪናዬ እዚህ ነው ላድርስሽ አላቸው። መምህርቷም ከኋላ የእኔ መኪና ይቀርባል አለች። ማን ያድርሳት በሚለው ላይ እንደገና ድምፅ ሲነሳ፣ እትዬ መጋረጃ የአጥሩን ብረት እየዳበሱ ፌርማታው ደረሱ። ልጆቻቸው ጥቂት ራቅ ብለው፣ የመኪና ቁልፋቸውን እንደያዙ ቆሙ። መቅረብ ፈሩ፣ መሄድም አፈሩ። አንድ አውቶቡስ እየጮኸ መጥቶ ቆመ። ግንባሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለእትዬ መጋረጃ ነጭ ነገር ነው። ከኋላቸው ጤነኛ አራት ዓይን አለ፤ እሳቸው ግን ወደ ጎን ዞረው ጆንያ ተሸክሞ የሚጠብቀውን የማያውቁትን ሰው በክንዱ ነኩት።

«ወንድሜ፣ ይሄ የየት ነው?»

ሰውዬው ነገራቸው። የእሳቸው አውቶቡስ ነበር። ጆንያውን አወረደና ክንዳቸውን ይዞ መወጣጫው ላይ ሲያሳፍራቸው «ብቻዎን ነዎት እማማ?» አላቸው።

«ብቻዬን ነኝ» አሉት እትዬ መጋረጃ፣ ከኋላ የቆሙት እንዲሰሙት ጮክ ብለው።